ድምፁን ያጠፋውን መንታ ይዩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። መንታ ልጆቼ የተወለዱት በ32 ሳምንታቸው ነው። የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ከገቡ አምስት ሳምንት ሆናቸው። አሁን ሁለቱም ከኦክስጅን ወጥተዋል፣ ጡትም ይዘዋል። በዚህ ሳምንት ትወጣላችሁ ተብለናል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ለቤት ልግዛ? አንድ ለሁለቱ ይበቃል? ትኩሳት ቢነሳባቸውስ፣ ከታላቅ እህታቸው የተረፈ የፓራሲታሞል ሽሮፕ አለ፤ እስከ ቀጠሯቸው ድረስ እሱን ልስጣቸው?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። የጠየቁኝ ስለ መሣሪያ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ዓይንዎ ማሽኑ ላይ ካለው የኦክስጅን ቁጥር አልተነቀለም። ቁጥሩ ሲወርድ ማሽኑ ይጮሃል፣ ነርሷ ትመጣለች፣ የልጁን ውስጥ እግር አሸት አሸት ታደርጋለች፣ ቁጥሩ ይመለሳል። አሁን ማሽኑ ሊቀር ነው። «ሌሊት ትንፋሻቸው ቢቋረጥ ማን ይነግረኛል?» ነው ጥያቄዎ።

ልጆችዎ ያኔ ትንፋሻቸው ይቋረጥ የነበረው ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ገና ስላልበሰለ ነው። አብዛኞቹ ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር 36 እና 37 ሳምንት ላይ ሲደርሱ ይተዋቸዋል። ሐኪሞቹም ዝም ብለው አያስወጡም። ከመጨረሻው መቋረጥ በኋላ ቀናት ቆጥረው ነው። ከማሞቂያው ወጥተው ሙቀታቸውን ራሳቸው ይዘዋል፣ ያለ ቱቦ ጠብተው ይጠግባሉ፣ ኪሎ ይጨምራሉ። ውጡ የተባላችሁት ይሄ ሁሉ ስለተሟላ ነው።

መሣሪያውን አይግዙ። ያለ ኦክስጅን ቤት ለሚገቡ ልጆች አልመክረውም። ልጁ እግሩን ሲያወራጭ ይወልቃል፣ እግሩ ሲቀዘቅዝ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፣ በሌሊት አራት ጊዜ በከንቱ ያስነሳዎታል። ድንገተኛ የእንቅልፍ ሞትን እንደሚከላከልም አልተረጋገጠም። የሚጠብቃቸው ሌላ ነው፦ ሁልጊዜ በጀርባቸው ማስተኛት፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አለመኖር፣ ቤት ውስጥ ሲጋራ አለማጨስ። ሁለቱም እናንተ ክፍል ይተኙ፣ ግን ለየብቻ። ማህፀን ውስጥ አብረው ነበሩ ብሎ አንድ ላይ ማስተኛት ደስ ይላል፤ አንዱ ግን ሌላውን ሊያፍነው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ይወቁ። ፈጠን ፈጠን ብለው ተንፍሰው፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ጸጥ ይሉና እንደገና ይጀምራሉ። ይሄ ጤነኛ ነው፣ አይደንግጡ። 20 ሰከንድ ከሞላ፣ ወይም ከዚያ ቢያንስም ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተዝለፈለፈ፣ ያ ሌላ ነው። ውስጥ እግሩን ያሹት። ትንፋሹ ካልተመለሰ አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍዎ ሸፍነው ቀስ ብለው ትንፋሽ መስጠት ይጀምሩ፣ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ይሄንን ከመውጣታችሁ በፊት ነርሶቹ በአሻንጉሊት ላይ ያሳዩአችሁ። ባልዎም አብረው ይማሩ።

አሁን እኔን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። የሚያለቅሰው መንታ አያስፈራኝም። አገር ይያዝልኝ ብሎ ያለቅሳል፣ ይነሳል፣ ይጠባል። የማያለቅሰው ነው የሚያሳስበኝ። ሁለት ልጅ ያላት እናት እጇ የሚሄደው ወደሚጮኸው ነው። ዝም ያለውን «ተመስገን፣ ይሄኛው እንኳን ተኛ» ትለዋለች። አንዲት እናት «ይሄኛው ጨዋ ነው ዶክተር፣ ምንም አያስቸግርም» እያለች ታቅፋ አምጥታልኛለች። ልጁ ጡት ሲሰጠው ከንፈሩ ላይ ይዞት ይቀራል፣ አገጩ አይንቀሳቀስም፣ ወተቱ በአፉ ጥግ ይፈሳል። እንደዚህ ከሆነ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል። ደግነቱ ዳነ። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያ ልጅ ታሟል፣ ቤቱ ደግሞ ጨዋ ሆነ ብሎ ተደስቷል።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሲታመም ብዙ ጊዜ አያለቅስም። ይፈዛል። መጥባት ያቆማል። ያ ነው ማንቂያው። ስለዚህ አልቅሰው እስኪጠይቁ አይጠብቁ። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥቡ፤ ከጠቡ ሦስት ሰዓት ካለፋቸው ይቀስቅሷቸው። ደብተር ይያዙና ገጹን ለሁለት ይክፈሉት፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ረድፍ። ማን ጠባ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን ዳይፐር አረጠበ። ድምሩ ያታልላል። በቀን 12 እርጥብ ዳይፐር ጥሩ ይመስላል፣ ለየብቻ ሲቆጠር ግን ዘጠኙ የአንዱ፣ ሦስቱ የሌላው ሊሆን ይችላል። እያንዳንዳቸው ቢያንስ ስድስት ይፈልጋሉ። አንዱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አልጠባም ካለ፣ ወይም ቀስቅሰውት አልነቃም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ። ይንጋ አይበሉ። ሌላኛው ደህና ስለሆነ ይሄኛውም ደህና ይሆናል አይበሉ።

ስለ ሽሮፑ ደግሞ በግልጽ ልንገርዎ፦ አይሆንም። እባክዎ ጠርሙሱን ዛሬ ይጣሉት። በዚህ ዕድሜ 38 ዲግሪ የደረሰ ሕፃን የሚሄደው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በዚያው ሰዓት። ሽሮፑ ትኩሳቱን ያወርደዋል፣ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። እናንተ ተሻለው ብላችሁ ትተኛላችሁ፣ እሱ ይብስበታል። መጠኑም በኪሎ የሚሰላ ነው፤ ለታላቅ እህት የታዘዘ ለሁለት ኪሎ ልጅ አይሆንም። «እስከ ቀጠሮ» የሚለውን ቃል ስሰማ እናደዳለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀጠሮ ለደህና ልጅ ነው። መቀዝቀዝም እንደ ትኩሳት ነው። ብብቱ ላይ ተለክቶ ከ36.5 በታች ከሆነ ልብሱን አውልቀው ደረትዎ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገው ከላይ ይሸፍኑት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልሞቀ፣ ወይም ከፈዘዘና ካልጠባ፣ ወደ ሐኪም ቤት።

ውሃ አይስጧቸው፣ ጠብታም ቢሆን። ክትባታቸው የሚቆጠረው ከተወለዱበት ቀን ነው። የዓይን ምርመራ ቀጠሮ ከተሰጣችሁ ደግሞ አንድ ሳምንት እንኳ አታሳልፉት፣ መታከሚያው ጊዜ አጭር ነው። የሚጎበኝ ሰው እጁን ይታጠብ፣ ጉንፋን የያዘው ደግሞ ይቅር። ሰው ይቀየመኛል ብለው አይሳቀቁ፣ ሐኪሙ ከልክሏል ይበሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት እዚያው ሆነው ሁለቱንም ራስዎ እንዲይዟቸው ይጠይቁ። ነርሶቹ ቅርብ ናቸው። የሞኒተሩን ስክሪንም ወደ ግድግዳ ያዙሩልዎት። ማንቂያው ይሥራ፣ ቁጥሩ ግን አይታይዎት። ከዚያ አንዱን ያቅፉና ከመጀመሪያው እስኪጠግብ ድረስ አገጩን ብቻ ይዩ።