ገዢ ከመምጣቱ በፊት፦ ቤት ለሚሸጡ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች

ክረምቱ ወጣ፣ ጦሳ ተራራ አናት ላይ የከረመው ጭጋግም ሳሳ። ቤት የሚሸጥ ሰው ጥያቄ የሚያበዛበት ሰሞን ነው። ዛሬ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ገዢ አሮጌ ቤት አይሸሽም። የሚሸሸው የሆነ ነገር የተሸፈነበት የሚመስለውን ቤት ነው።

ሆጤ አካባቢ ያለውን የወላጆቻችንን ቤት ልንሸጥ ነው። የጭቃ ቤት ነው። የጀርባው ግድግዳ ከታች ይረጥባል፣ ቀለሙም ይላላጣል። ቀለም ቀቢው «በስቱኮ ደፍኜ ፕላስቲክ ቀለም ልቀባው» ይላል። ይሻላል?

እባክዎን አያስደርጉት። ግድግዳው እርጥብ ሆኖ ላዩን ቢደፍኑት ውሃው መውጫ ያጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀለሙ እንደ ቂጣ ዓይን እያወጣ ይነሳል። ያኔ ደግሞ ገዢው እየተመላለሰ የሚያይበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ከቤቱ ጀርባ ይዙሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ብዙ ቤት ጀርባውን ለዳገት ሰጥቶ ነው የቆመው። የክረምቱ ውሃ ወርዶ የሚያርፈው እዚያ ነው። በዓመታት ውስጥ አፈር እየተከመረ ከውሃ ልኩ፣ ማለትም የመሠረቱ ድንጋይ አልቆ ጭቃው ከሚጀምርበት በላይ ይወጣል፣ ጭቃውን ይነካል፣ ግድግዳውም ውሃ ይስባል። ስለዚህ አፈሩን ያስነሱ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ይታይ። ውሃው ዞሮ የሚሄድበት ቦይ ያስቆፍሩ። አሸንዳው ተቀዶ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ያስጠግኑ። ቆርቆሮው ላይ የላላ ሚስማር ካለም ያስመቱ።

ከዚያ ይጠብቁ። የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይና ነፋስ የሚያደርቀውን ያህል ማንም ባለሙያ አያደርቅም። ሲደርቅ የተላላጠውን ይፋቁ፣ የወደቀውን በጭቃ ያስመርጉ፣ በኖራ ይቀቡት። የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አያስለስኑ። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይዘልቁም፣ ይሰነጠቅና ተገንጥሎ ይወድቃል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የአባቴን ቤት ልንሸጥ ስንል እኛም ቀለም ቀብተን ቡፌውን አስጠግተንበት ነበር። አንድ አዛውንት ገዢ መጡ። ሳሎኑን ምንም ሳይሉ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከቡፌው ጀርባ አስገብተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ትንሽ ቆዩ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። አልተመለሱም። ቤቱ የተሸጠው በዓመቱ፣ ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ ነው። ለገዢውም ቦዩን ራሴ ወስጄ አሳየሁት። ግድግዳው ለምን እንደረጠበና ምን እንዳደረግን ነገርኩት። ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል።

ኮምቦልቻ ያለው ቤቴ ሦስት ተከራይ አለበት። ደላላው ሰው ይዞ ሲመጣ አንዱ ክፍል ይቆለፋል፣ ሌላው ይዝረከረካል። ተከራዮቹን ላስወጣቸው?

ለማስወጣት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ቤቱን እንደሚሸጡ ከእርስዎ አፍ ይስሙ። ከደላላ የሰማ ተከራይ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የመጣ ልጅ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ ምን እንደሚሰማው ያስቡት። በሳምንት አንድ ቀን፣ የታወቀ ሰዓት ይስማሙና ደላላውንም በዚያ ያስሩት። ለተቸገሩበትም ከኪራዩ ትንሽ ይቀንሱላቸው።

ደግሞ ሁሉም ገዢ ባዶ ቤት አይፈልግም። ለኪራይ የሚገዛ ሰው የኪራይ ውሉን ቢያሳዩት ደስ ይለዋል። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ሒሳብ ብቻ አስቀድመው ያጥሩ። የኮምቦልቻ ሙቀት የሚሰማው ከቀትር በኋላ ነው። ቤቱ ዛፍ ወይም በረንዳ ካለው በዚያ ሰዓት ያሳዩ። ጥላውን ሰውየው ራሱ ያገኘዋል።

ወጥ ቤቱን በሴራሚክ አሳድሼ ብሸጠው ዋጋውን ያነሳልኛል?

እኔ አልመክርም። ያወጡት ገንዘብ መመለሱ አያስተማምንም። የመረጡትን ሴራሚክም ገዢው ላይወደው ይችላል። ሊሾውን በደንብ አሳጥበው በሰም ያስወልውሉት። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይቀይሩ። ሲከፈት ወለሉ ላይ ግማሽ ክብ የሚጭር በር ካለ ማጠፊያውን ያስተካክሉ፣ ከሥሩም ያስላጉት። ገዢ በገባ በወጣ ቁጥር የሚነካው በሩን ነው። የተቃጠለ አምፖል አይኑር። የመጸዳጃ ቤቱ ሽታ ከየት እንደሚመጣም ሳይታወቅ አንድም ሰው አይጋብዙ።

ሳሎናችን በሶፋ፣ በቡፌና በመጅሊስ የተሞላ ነው። ዕቃው እንዳለ ይታይ ወይስ እናውጣው?

ግማሹን ዘመድ ቤት አኑሩት። ባዶ ክፍል አልጋና ሶፋ ምን ያህል እንደሚይዝ አያስገምትም። የታጨቀ ክፍል ደግሞ ጠባብ ይመስላል። መጅሊሱ ይቆይ፣ ሶፋው ይውጣ። መስኮት የሚሸፍን ቁም ሳጥን ካለ እሱ ይቅደም። ደሴ ላይ ሰዎቹ ረፋድ ላይ ይምጡ፣ መጋረጃውም ይከፈት።

ገዢ ሲመጣ ዕጣን አጭሼ ቡና ባፈላስ?

ቡናውን አፍዪ እህቴ፣ እንግዳ በቡና መቀበል የወሎ ወግ ነው። ዕጣኑ ግን ቀለል ይበል። ገና ከበር ጢሱ ሲያጥነው «የሻጋታ ሽታ ሊደብቁ ነው» ብሎ የሚጠረጥር አለ። ጠዋት መስኮቶቹን ከፋፍተሽ ቤቱን አናፍሺ፣ አቦሉን ደግሞ ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ አቅርቢለት። የልቡን የሚጠይቀው ቁጭ ሲል ነው።

ካርታው በሟች አባታችን ስም ነው። አንድ ወንድማችን ውጭ አገር ነው። ገዢ እስኪገኝ ብንጠብቅስ?

አትጠብቁ፣ ይህ ከቀለሙ ይቅደም። ልቡ የቆረጠ ገዢ ወረቀት ሲጓተትበት ሌላ ቤት ያያል። የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጡ፣ ስሙንም አዛውሩ። ወንድማችሁ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና ይላክ። ውክልናው ላይ ቤቱን የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ። ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም።

እናታችሁ በሕይወት ካሉ ድርሻቸውን አትርሱ። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ በመርህ ደረጃ ግማሹ የእሳቸው ነው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድም አይሸጥም። ውሉ ደግሞ በወረቀት ላይ፣ ሕግ በሚያዘው አካል ፊት ይፈረም። በሽማግሌ ፊት ተማምኖ ቀብድ የተቀበለ ሰው ስንት ዓመት ፍርድ ቤት እንደሚመላለስ አይቻለሁና አደራ።

እናታችን ከእኛ ጋር አዲስ አበባ ልትኖር ቤቱ እንዲሸጥ ተስማምታለች። ሰው እየመጣ መኝታ ቤቷን ሲያይ ግን ይከፋታል። ግቢው ውስጥ በእጇ የተከለችው የኮክ ዛፍ አለ። ቤቱ እስኪሸጥ እህቴ ጋ ብናቆያትስ?

እሳቸው ካልፈለጉ አታርቋቸው። በዚያ ቤት ስንት ዓመት ኖረው የማያውቁት ሰው አልጋቸውን ሲያይ ቢከፋቸው እውነት አላቸው። ደላላው ሳይደውል አይምጣ። በሶላት ሰዓትና በጁምዓ ማንም አይግባ። መኝታ ቤቱ በመጨረሻ ይታይ፣ በሩንም ራሳቸው ይክፈቱ፣ ካልፈለጉ ያን ቀን አይከፈት። የልብ ገዢ ከሆነ ሁለተኛ ይመጣል።

ከቻላችሁ ቤቱን የሚያሳዩትም እሳቸው ይሁኑ። ጠዋት ፀሐይ የትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ ውሃ ስትጠፋ በየስንት ቀኗ እንደምትመጣ፣ ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ግቢ ወጥቶ የኮኩን ዛፍ ማን እንደተከለው ሲጠይቅም መልሱን ለእሳቸው ተዉላቸው።