ሀዋሳ ሆኖ የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ መሆን ያኖራል ወይ? (ለጠየቀችው እህታችን)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ ከሥሩ የተሰጡትን መልሶች ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላላነበባችሁ በአጭሩ፦ እህታችን ሀዋሳ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እጇ ግን ይሠራል፣ የለጠፈቻቸውን ሥዕሎች አይቻቸዋለሁ። የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ መሣልን ሙያዬ ብዬ ብይዘው ያኖረኛል ወይ፣ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው ወይ፣ አይፓድስ ልግዛ ወይ ነው የምትለው። አንዱ «ተሰጥኦሽን ተከተይ» ብሏታል፤ ሌላው «በዚህ አገር ሥዕል አያበላም»። ሁለቱም ምንም አልነገሯትም።

ከገንዘቡ ልጀምር። ብቻውን አያኖርም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭራሽ አያኖርም። በዚህ ሥራ የቆየን ሰዎች ሁላችንም ጎን ለጎን የምንሠራው አለን፦ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል፣ የጤና ፖስተር፣ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ፣ አልፎ አልፎ የካፌ ሎጎ። ደህና ገንዘብ የሚገኘው ለረጅም ጊዜ ከንባብ ፕሮጀክቶች ነበር። ለምሳሌ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሪድ ቲኤ የተባለው የዩኤስኤይድ ፕሮጀክት ሲዳሙ አፎን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የአንደኛ ደረጃ የንባብ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ሠዓሊ በጣም ይፈለግ ነበር። ዩኤስኤይድ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ስለዚህ «እገሌ በፕሮጀክት ሥራ ቤት ሠራ» የሚል የድሮ ወሬ ሰምተሽ እንዳትወስኚ። አሁን ያለው ሥራ በአብዛኛው ከግል አሳታሚዎች፣ መጽሐፋቸውን በራሳቸው ወጪ ከሚያሳትሙ ደራሲዎችና ልጆቻቸው አማርኛ እንዲያነቡላቸው ከሚፈልጉ ዳያስፖራዎች የሚመጣ ነው።

እና ማስተማሩን አትልቀቂ። ለደመወዙ ብቻ ብዬ አይደለም። አንቺ በየቀኑ የምታይውን ነገር ብዙ ሠዓሊ ገንዘብ ከፍሎም አያገኘውም። የአራት ዓመት ልጅ ሲያኮርፍ ትከሻው የት እንደሚሄድ፣ ሲዋሽ እግሩን እንዴት እንደሚያፋትግ፣ መጽሐፍ ሲነበብለት ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኛ ልጅ ስንሥል ብዙ ጊዜ ያጠረ አዋቂ ነው የምንሥለው።

አሁን ወደ ሥራው። የለጠፍሻቸው ሥዕሎች ቆንጆ ናቸው፤ ግን ሦስቱም ለየብቻ የቆሙ ሥዕሎች ናቸው። አሳታሚ በዚያ ብቻ ሥራ አይሰጥሽም፤ እሱ ማወቅ የሚፈልገው መጽሐፍ መጨረስ መቻልሽን ነው። የመጀመሪያው ፈተና ያቺው አንዲት ልጅ ከገጽ ገጽ ያቺው ልጅ ሆና መቀጠሏ ነው። ከፊት ሣልሻት፤ እሺ። ከጀርባ ስትሮጥስ? ዛፍ ላይ ሆና ቁልቁል ስትታይስ? ስታለቅስ? ሹሩባዋ ስንት መስመር ነበር፣ የቀሚሷ ኪስ በየት በኩል ነበር? ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር አይስቱም። ለዚህ ነው ገጾቹን ከመጀመርሽ በፊት ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለብቻዋ አንድ ወረቀት የሚያስፈልጋት፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ቁመቷ ከእናቷ ጋር ሲነጻጸር፣ አራት አምስት ዓይነት ስሜት፣ የልብሷ ቀለም። ሥዕሉን ስትሠሪ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ነው።

ሁለተኛው የገጽ ብዛት ነው። ወረቀት ታጥፎ ስለሚታተም መጽሐፉ በስምንት የሚካፈል ገጽ ይኖረዋል፦ 16፣ 24፣ 32። ውጭ አገር 32 የተለመደ ነው፤ እኛ ጋ በወረቀት ዋጋ የተነሳ 16 እና 24 ይበዛል። ባለ 24 ገጽ ሲሰጥሽ የመጀመሪያው ገጽ ለርዕስ፣ የመጨረሻው ለመብትና ለአሳታሚ መረጃ ከሄደ የሚቀርሽ 22 ገጽ፣ ማለትም 11 ጥንድ ገጽ ነው። ታሪኩን በእነዚህ ላይ ታከፋፍያለሽ። አንድ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ትንንሽ ሳጥን አስምሪና በእርሳስ ሞክሪው፤ ዝርዝር ሳትገቢ፣ ማን የት እንደቆመ ብቻ። እውነተኛው ሥራ እዚህ ያልቃል ማለት እችላለሁ፤ ቀለሙ ጉልበት ነው።

ገጽ መገለጡ ራሱ ታሪክ ይነግራል። እዚሁ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚሆን ታሪክ እንውሰድ። አንድ ልጅ አባቱ የሰጠውን ዓሣ ይዞ ቆሟል። በቀኙ ገጽ ላይ ልጁ ዓሣውን እያየ ይስቃል፤ መሬቱ ላይ ግን የክንፍ ጥላ አለ። አባ ኮዳውን፣ ያን ትልቅ ወፍ፣ እዚህ አትሥይው! ገጹ ሲገለጥ ነው ያ መላጣ ራስና ያ ምንቃር ሁለቱንም ገጽ ሞልቶ የሚመጣው። አባ ኮዳውን ከጥላው ጋር አንድ ገጽ ላይ ብታደርጊው ድንጋጤውም ሳቁም ጠፋ። ይህን ለመሞከር ከአንቺ የተሻለ ቦታ ያለው ሰው የለም፦ በእርሳስ የሠራሽውን አጣጥፈሽ ስፊውና ለክፍልሽ ልጆች አንብቢላቸው። መንቁነጥነጥ የጀመሩበት ገጽ መስተካከል ያለበት ገጽ ነው።

ሥዕሉ ጽሑፉን መድገምም የለበትም። ጽሑፉ «ሚሚ ቤቱን አጽድታ ጨረሰች» ካለ፣ ሥዕሉ ላይ ቆሻሻው ሁሉ ምንጣፍ ሥር ተጠቅጥቆ ድመቷ የምንጣፉን ጠርዝ ስትጎትት ቢታይ ማንበብ የማይችለው ልጅ ከምታነብለት እናቱ የበለጠ ያውቃል ማለት ነው፤ ደስ የሚለውም ይሄ ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ ለጀማሪ አንባቢ የሚዘጋጅ የመማሪያ መጽሐፍ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። «ሦስት ፍየሎች» ከተባለ ሦስት ፍየል፤ አራተኛ ጨምረሽ «ለውበት ነው» ብትዪ ገምጋሚው ይመልስልሻል፣ ልክም ነው። በዚያ ዓይነት ሥራ ሌላም ብዙ ይባላል፦ ልጁን ባዶ እግሩን አትሣዪው፣ ውኃ የምትቀዳው ሁልጊዜ ሴት ልጅ አትሁን፣ አካል ጉዳተኛ ልጅም ይግባ። መጀመሪያ ያናድዳል፤ ቆይተሽ ስታስቢው ግማሹ ትክክል ነው።

ቦታ ተዪ! ይህን ማንም ስለማይናገረው በቃለ አጋኖ ልጻፈው። በእኛ አገር የልጆች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በሁለት በሦስት ቋንቋ ነው የሚወጣው። በአማርኛ አንድ መስመር የሆነው ዓረፍተ ነገር በሲዳሙ አፎ ወይም በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ድምፁ ሲረዝምና ሲጠብቅ ፊደሉ ስለሚደገም፣ ረዝሞ ወደ ሁለት መስመር ይገባል። ሰማዩን በደመና፣ መሬቱን በሣር ሞልተሽ ስትጨርሺ ጽሑፉ የሚያርፍበት ይጠፋና ዲዛይነሩ ሥዕልሽ ላይ ነጭ ሳጥን ይለጥፍበታል። እንደዚሁም ሥዕሉ ውስጥ ጽሑፍ አታስገቢ፤ የሱቅ ታፔላ ላይ «ዳቦ ቤት» ብለሽ ከጻፍሽ ለሌላው ቋንቋ እትም እንደገና ልትሥይ ነው። በፊደሉ ፋንታ ዳቦ ሣይበት።

አይፓዱን አሁን አትግዢ። በውኃ ቀለም የምትሠሪ ከሆነ በዚያው ቀጥይ፤ ጥሩ ወረቀት ላይ ግን አትቆጥቢ፣ የሚሽበሸብ ወረቀት ስካን ሲደረግ ጥላ ያመጣል። ዲጂታል ከፈለግሽ ክሪታ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ተራ ላፕቶፕና አነስተኛ የሥዕል ታብሌት ይበቃዋል። ለኅትመት የምትሰጪው ፋይል በትክክለኛ መጠኑ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ በየጠርዙ ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው፣ የገጸ ባሕርይ ፊት ደግሞ በሁለቱ ገጾች መሃል መታጠፊያው ላይ አይውደቅ። ስለ ቀለም አንድ ነገር፦ ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳይሽ፣ ማተሚያ ቤት ደግሞ በአራት ቀለም ነው የሚያትመው። በስክሪን የሚያበራው የሐይቃችን የጠዋት ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወርድ የደከመ ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ሲኤምዋይኬ በሚባለው የማተሚያ አራት ቀለም ላይ አድርጊውና ሙሉው መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የናሙና ገጽ ጠይቂ።

አዲስ አበባ መግባት ግድ አይደለም። የሥዕል ትምህርት ቤቱ፣ የአለ ፈለገ ሰላም ማለቴ ነው፣ እዚያ ነው፤ አሳታሚውና ትልልቁ ማተሚያ ቤትም እዚያ ነው። ግን ንድፍ በቴሌግራም ይላካል፣ ፋይሉም በኢንተርኔት ይሄዳል። ለናሙና ኅትመትና ሰው ለመተዋወቅ አልፎ አልፎ መመላለስ ይበቃል። ደግሞ ሀዋሳ ለልጆች መጽሐፍ ባይተዋር ከተማ አይደለችም፤ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ በአህያ የሚጎተተውን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ያዞረው እዚህ ነበር።

እዚህ መኖርሽ ራሱ ዋጋ አለው። በቅርቡ አንድ ደራሲ በኤአይ ያሠራውን የሲዳማ ገጠር ሥዕል ይዞ መጥቶ «ጣቶቹን ብቻ አስተካክልልኝ» አለኝ። ጣቱ ቀላል ነበር። ከቤቱ ጓሮ የቆመው «እንሰት» ግን ሙዝ ነው! ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ጭራሽ የሙዝ ዘለላ ያፈራ። እንሰት ከሥሩ ወፍራም ነው፣ ቅጠሉ ሽቅብ ቆሞ ነው የሚከፈተው፣ የቅጠሉ አከርካሪ ብዙ ጊዜ ይቀላል። የሲዳማ ልጅ ይህን መጽሐፍ ሲገልጥ ቤቱን አይደለም የሚያየው። «እንደ አዲስ እሣለዋለሁ፣ ዋጋውም የአዲስ ነው» አልኩት። እንዲህ ዓይነት ጥገና ሲመጣልሽ በጥገና ዋጋ እንዳትቀበዪ፤ ከመሣል በላይ ጊዜ ይበላል።

ውሉ። በአፍ ተስማምተሽ አትጀምሪ፣ የጓደኛ ጓደኛም ቢሆን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአዛዡ እንደሆነ ይደነግጋል። ዝም ካልሽ ሥዕልሽ በቦርሳ፣ በደብተር፣ በቲሸርት ላይ ቢወጣ አቤት የምትዪበት የለሽም ማለት ነው። ስለዚህ ጻፊ፦ ይህ ክፍያ ለዚህ መጽሐፍ፣ ለዚህ ቋንቋ፣ ለዚህ ያህል ኮፒ ነው፤ ሌላ ነገር ላይ ከዋለ እንነጋገራለን። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ከደራሲው ጋር እንዲወጣም ጻፊ፤ ብዙ ቦታ ሠዓሊው የሚገኘው በመብት ገጹ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው፣ እሱም ከተገኘ። አሳታሚው ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ክፍት አደርገዋለሁ ካለሽ ክፉ ነገር አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክና የሕንዱ ስቶሪዊቨር እንዲህ ነው የሚሠሩት፣ ገብተሽ የሌሎችን ሥራ ማየትም ትችያለሽ። ግን ሥዕሉን ሌላ ሰው ሌላ ታሪክ ላይ ሊያደርገው ስለሚችል ዋጋሽ ያንን ያስብ።

ቀብድ ሳትቀበዪ እርሳስ አታንሺ፤ ቢያንስ ሲሶውን። ቀጣዩን ንድፉ ሲጸድቅ፣ የቀረውን የመጨረሻውን ፋይል ከማስረከብሽ በፊት። ሽፋኑን ለብቻ ዋጋ አውጪለት። የእርማት ቁጥር ይገደብ፦ በእርሳስ ደረጃ ሁለት ዙር፣ ቀለም ከገባ በኋላ አንድ፤ ከዚያ ያለፈው ይከፈልበታል። አንድ ድርጅት ስሙን የማልጠራው፣ ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ «ልጁ ሴት ብትሆንስ?» ብሎኛል። ውሉ ላይ ስለነበር ተከፈለኝ። «ለሙከራ አንድ ጥንድ ገጽ በነፃ ሠርተሽ አሳዪን» የሚልሽም ይመጣል፤ ለዚያ መልሱ ያለቀ ናሙና በእጅሽ መኖሩ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ቀድመሽ አውጪ፤ ያለሱ ድርጅቶች ሊከፍሉሽ ይቸገራሉ፣ ከከፈሉም የሚቆርጡት ብዙ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥሉት ወራት ሥራ አትፈልጊ። የራስሽን አንድ አጭር ታሪክ ወይም አያትሽ የነገሩሽን ተረት ውሰጂና የባለ 24 ገጹን መጽሐፍ ሙሉውን በእርሳስ ጨርሺ፣ ከውስጡ ሦስት ጥንድ ገጽ እስከ መጨረሻው ቀለም ቀቢ፣ አንድ ገጽ ደግሞ በጥቁርና ነጭ መስመር ብቻ ሥሪ፤ የመማሪያ መጽሐፍ ሥራ ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። በአንድ ፒዲኤፍ አድርጊው። እኔ የምጠቀምበት የውል ናሙና በአማርኛ አለኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ እልክልሻለሁ፣ ሌሎቻችሁም ከፈለጋችሁ እንዲሁ።