“ሽማግሌ ልከዋል፤ ክሱን ብንተወውስ?”

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት እህቴን የሠፈራችን ልጅ አስገድዶ ደፍሯታል። ለፖሊስ አመልክተናል። አሁን ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ልከው “ካሳ እንክፈል፣ በዕርቅ ይለቅ” ይላሉ። እኛም ስሟ እንዳይነሳ ብለን እያሰብንበት ነው። በሕግ ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደብዳቤዎ ሽማግሌዎቹ ያሉት አለ፣ ቤተሰቡ ያሰበው አለ። እህትዎ ምን እንደምትል ግን አንድ መስመር የለም። ድርጊቱ መቼ እንደተፈጸመ፣ ሐኪም አይቷት እንደሆነም አልጻፉም። ቅር አይበልዎት እንጂ ከዕርቁ በፊት መነሳት የነበረበት ይህ ነው።

ቀኑ ቅርብ ከሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት አምቆ ማስረጃውን ያበላሻል። ገላዋን ታጥባ ከሆነም ትመርመር። ቁስል አለመገኘቱ አልተደፈረችም ማለት አይደለም። አርግዛ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እና 552 ጽንሱን በሕክምና ማቋረጥን ይፈቅዳሉ፤ ለዚህ የእሷ ቃል ይበቃል፣ የተከሳሹ ፍርድ አይጠበቅም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የፍትሕ አገልግሎቱን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ።

ሕጉ አጭር ነው። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ሁኔታው ሲከብድ ቅጣቱም ይከብዳል። “ላግባት” ቢልም አያድነውም፤ ጋብቻን ማምለጫ ያደርግ የነበረው የ1949ኙ ሕግ በ1996ቱ ተሽሯል።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል አይደለም። እርስዎም ሆኑ አባትዎ፣ እህትዎም ብትሆን፣ “ትተነዋል” ብላችሁ መዝገቡን መዝጋት አትችሉም፤ ውሳኔው የዐቃቤ ሕግ ነው። ይህን ሳያውቁ “ምንም ጥያቄ የለንም” የሚል ወረቀት የሚፈርሙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልንገርዎ። ክሱ ከቀጠለ ያቺ ወረቀት በተከላካይ ጠበቃው እጅ ትገባና “ነገሩ የገንዘብ ነው” ይባልባታል። ልጅቷን “ተሳስቼ ነው” ብላ ቃሏን እንድትለውጥ ይገፏታል፤ ስትለውጥ ደግሞ በሐሰት ጥቆማ ወይም በሐሰት ምስክርነት የምትጠየቅበት በር ይከፈታል። ደፋሪው ቤቱ፣ እሷ ፖሊስ ጣቢያ! ገንዘቡም ቢሆን ግማሹ ተከፍሎ ግማሹ ከቀረ፣ የወንጀል ክስን ለማስቀረት የተደረገ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ዋጋ ስለሌለው የትኛውም ፍርድ ቤት አያስከፍልላችሁም።

ካሳ ነውር አይደለም፣ መብቷ ነው። ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ከወንጀል ክሱ ጋር ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ይጠየቃል። ስሟ የሚያሳስባችሁ ከሆነም ችሎቱ በዝግ እንዲሆን በዐቃቤ ሕግ በኩል አመልክቱ። ዛቻ ካለ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 መሠረት የምስክር ጥበቃ እንዲታይላት ጠይቁ፤ ዛቻውን ግን ቀኑንና የተናገረውን ሰው ጨምራችሁ ጻፉት።

ሽማግሌዎቹ በስልክ የላኩትን መልእክት አያጥፉ። “ልጁ ተሳስቷል” የሚል አንድ መስመር ለዐቃቤ ሕግ ትልቅ ነገር ነው፤ የመልእክቱ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ይቀመጥ። የሕክምና ማስረጃው ለፍርድ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ደብዳቤ ስለሆነ ፖሊስ ሆስፒታሉን በደብዳቤ መጠየቁን ያረጋግጡ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ይያዙ።

ወረቀት ፈርማችሁ ወይም ብር ተቀብላችሁ ከሆነ ግን ሌላ እርምጃ ሳትወስዱ ለጠበቃ ንገሩ። አቅም ከሌላችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ አገልግሎት ይሰጣል። እህትዎ ጠበቃዋን ለብቻዋ ታናግር፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቋት።