«በ30 በመቶ እንቀንሳለን» ከመባሉ በፊት

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ ድርጅት የዘላቂነት ክፍል ረዳት ሆኜ ሥራ ልጀምር ነው። በሦስት ወር ውስጥ የበካይ ጋዝ ቅነሳ ግብ ረቂቅ እንዳቀርብ ተነግሮኛል፤ አለቃዬ «እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በ30 በመቶ» የሚል ቁጥር ከወዲሁ ይዘዋል። የአካባቢ ሳይንስ ስላልተማርኩ ፈርቻለሁ። መጀመሪያ ኮርስ ልውሰድ?

መልስ፦ ኮርሱ ይቆይ። ልቀት (ድርጅቱ የሚለቀውን በካይ ጋዝ) መቁጠር ከሒሳብ ሥራ ብዙም የማይርቅ ነው፦ ደረሰኝ ማሰባሰብ፣ ማስታረቅ፣ ማመሳከር። የሚከብድሽ ያ ቀድሞ የተጠራው ቁጥር ነው። ሠላሳ በመቶ ከየትኛው ዓመት? የማንን ልቀት ጨምሮ? እነዚህ ሳይመለሱ የተጻፈ ግብ ኦዲተር ፊት አይቆምም።

መጀመሪያ ወሰኑን አስምሪ። ብዙ ድርጅቶች የሚከተሉት የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል (መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው) ልቀትን ለሦስት ይከፍላል። ስኮፕ 1 ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅና የሚያፈሰው ጋዝ ነው፤ ስኮፕ 2 በዋናነት የሚገዛው ኤሌክትሪክ፤ ስኮፕ 3 ከአቅራቢ እስከ ደንበኛ ያለው የቀረው ሁሉ፣ በ15 ምድብ። ስኮፕ 3ን አሁኑኑ ሙሉ ለሙሉ ልቁጠር ካልሽ ሦስቱ ወር እዚያው ያልቃል። ምድቦቹን በአንድ ገጽ ዘርዝረሽ ትልቅ የሚመስሉትን፣ የማይመለከቷችሁንና ለጊዜው ያልተቆጠሩትን ከነምክንያታቸው ለይተሽ አስቀምጪ።

ቅናሹ የሚለካበት መነሻ ዓመት ሰነዱ የተሟላና ሥራው የተለመደ መልኩን የያዘበት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ቢሮ ተዘግቶ ስለነበር እሱን መነሻ ካደረግሽ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ጭማሪ ሊመስል ይችላል። ከልክ በላይ የተቃጠለበት ዓመት ደግሞ ምንም ሳይሠራ ቅናሽ ያስገኛል፤ አውቆ እንዲህ ያለውን ዓመት የሚመርጥም አይጠፋም።

አሁን አንድ መስመር እንሥራ። ጄኔሬተሩ በዓመት 12,000 ሊትር ናፍጣ አቃጠለ እንበል። ከአንድ ሊትር 2.68 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሲባዛ 32,160 ኪሎ፣ ማለትም 32.2 ቶን ገደማ። ኤክሴሉ ላይ ወር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ መጠን፣ አሃድ፣ ማባዣ (እዚህ 2.68)፣ የማባዣው ምንጭና ዓመት፣ ውጤት የሚሉ ዓምዶች ይኑሩ። የምንጩን ዓምድ ባዶ ከተውሽው በሚቀጥለው ዓመት አንቺ ራስሽ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አታውቂም።

ስህተቱ የሚገባው ከማባዛቱ በፊት ነው። ፋይናንስ የሚሰጥሽ የነዳጅ ወጪ በገንዘብ ነው፤ ዋጋው በየጊዜው ከተቀያየረ ገንዘቡን ወደ ሊትር መመለስ ያሳስታል፣ ስለዚህ ሊትሩ የተጻፈበትን ደረሰኝ ጠይቂ። የተገዛው ሁሉ ደግሞ አልተቃጠለም፦ የዓመቱ መጀመሪያ ክምችት ሲደመር ግዢ፣ ሲቀነስ የመጨረሻ ክምችት። ይህን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። የኤሌክትሪክ ቢሉ ከወሩ 18 እስከ ቀጣዩ 17 ከሆነ የዓመቱን ሁለት ጫፎች በቀን አካፍዪ። የኤሌክትሪክ ማባዣ እንደ አገሩ የኃይል ምንጭ ስለሚለያይ ከሌላ አገር አትበደሪ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የኤሲ ጋዝ ነው። አር-410ኤ የተባለው አንድ ኪሎው በ100 ዓመት ስሌት 2,000 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ያሞቃል። አምስት ኪሎ ከፈሰሰ አሥር ቶን ገደማ ሆነ፤ ከ3,700 ሊትር ናፍጣ ጋር የሚተካከል። መረጃው የሚገኘው ጥገና ክፍል ነው። ቴክኒሻኑን «ስንት ኪሎ ሞላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ግቡ ላይ ስትደርሺ ጥቅል ልቀትና በምርት የተካፈለ ልቀት እንዳይምታቱብሽ። ድርጅቱ 1,000 ዕቃ አምርቶ 500 ቶን፣ ቀጥሎ 1,250 አምርቶ 575 ቶን ቢለቅ፣ በአንድ ዕቃ 8 በመቶ ቀንሷል፤ በጥቅሉ ግን 15 በመቶ ጨምሯል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ይታዩ።

አለቃሽን በቃል አትከራከሪያቸው፤ ሠንጠረዥ ይዘሽ ግቢ። በየረድፉ እርምጃው፣ የሚቀንሰው ቶን፣ ወጪው፣ ቀኑና ኃላፊው ይጻፍ። ተደምሮ 19 በመቶ ብቻ ከመጣ ቀሪውን 11 «ገና መንገድ ያልተገኘለት» ብለሽ ለብቻው አስቀምጪው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ሳይንስን መሠረት ያደረጉ ግቦችን የሚያረጋግጠው ኢኒሼቲቭ (ኤስቢቲአይ) የምድር ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚጠቀምበት የተለመደ መንገድ የመነሻውን 4.2 በመቶ በየዓመቱ መቀነስ ነው፤ መነሻው 800 ቶን ከሆነ በዓመት 33.6 ቶን። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2030 ሲሰላ 42 በመቶ ይመጣል። ሠላሳው ከዚያ በታች መሆኑን አለቃሽ ከውጭ ሰው ከሚሰሙት ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል።

አንድ ደንብም ረቂቁ ውስጥ ከአሁኑ አስገቢ፦ ቅርንጫፍ ሲሸጥ ወይም ሲገዛ፣ ለውጡ ከመነሻው ልቀት ለምሳሌ 5 በመቶ ካለፈ የመነሻው ቁጥር እንደገና ይሰላል። ያለዚያ የተሸጠው ቅርንጫፍ ልቀት ቅናሽ ተብሎ ይቆጠርላችኋል።

ለኮርስ የያዝሽውን ገንዘብ ከሦስቱ ወር በኋላ አይኤስኦ 14064-1ን (የድርጅት ልቀት የሚቆጠርበትንና ሪፖርት የሚደረግበትን ዓለም አቀፍ መስፈርት) በሚያስተምር ሥልጠና ላይ አውዪው። ያን ጊዜ በራስሽ ኤክሴል ላይ ያላለቀልሽን ጥያቄ ይዘሽ ትገቢያለሽ።