ስለ ማይክሮስኮፕና ስለ ሴል ጠይቁኝ

አራት ኪሎ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምውለው። በሥራ ቀን የታካሚ ደም አያለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ለሰፈሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማይክሮስኮፕ አስነካለሁ። ፈተና ስለደረሰ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጡትን እንደየአመጣጣቸው መልሻለሁ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ መርካቶ «1200 ጊዜ ያጎላል» የሚል የፕላስቲክ ማይክሮስኮፕ አየሁ። የትምህርት ቤታችን 400 ላይ ነው የሚያቆመው። ልግዛው?

መልስ፦ ተው፣ ገንዘብህን አታባክን። ማጉላት ሌላ፣ አጥርቶ መለየት ሌላ ነው። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ምርጥ ሌንስ ቢገጠምለት እንኳ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያሳየው በመካከላቸው ወደ 0.2 ማይክሮ ሜትር (ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ርቀት ካለ ነው። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የማይክሮ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለሆነ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነገር ተለይቶ አይወጣም። ከዚህ ወሰን ካለፍክ የምታጎላው ብዥታውን ነው። የፕላስቲክ ሌንስ ደግሞ ወሰኑ አጠገብም አይደርስም። በደንብ የተጠረገ የ400 ማይክሮስኮፕ ከሱ በብዙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አጠቃላይ ማጉላት እንዴት ይሰላል? 100 የተጻፈበትን ኦብጀክቲቭ ሳዞር ሁሉም ነገር ለምን ይጨልምብኛል?

መልስ፦ የአይፒሱን (በዓይን በኩል ያለውን ሌንስ) በኦብጀክቲቩ (በናሙናው በኩል ባለው ሌንስ) ማባዛት ነው። አይፒሱ 10 ከሆነ በ4፣ በ10፣ በ40 እና በ100 ኦብጀክቲቭ 40፣ 100፣ 400 እና 1000 ይሆናል። የ100ው ያለ ዘይት አይሠራም። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይታጠፋል፤ ሌንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ የታጠፈው ብርሃን ያመልጠዋል። ኢመርሽን የሚባለው የማይክሮስኮፕ ዘይት ብርሃን በማጠፍ ጠባዩ ከመስታወት ጋር ስለሚቀራረብ ክፍተቱን ሞልቶ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ያስገባዋል። የምግብ ዘይት አይሆንም! የ40ውን ኦብጀክቲቭ ደግሞ ዘይት እንዳታስነኪው፤ ያየሁት የሌንስ ጉዳት አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ስላይዱን (ናሙና የሚቀመጥበትን መስታወት) ወደ ቀኝ ስገፋው ወደ ግራ ይሄድብኛል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ደህና ነው። ምስሉ ላይ ታች፣ ቀኝ ግራ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ከጋዜጣ «ሀ»ን ቆርጠህ በ4 ኦብጀክቲቭ እያት፤ «በ» ለመምሰል ይቃጣታል።

ጥያቄ፦ የሽንኩርት ስላይድ ስሠራ የሚታየኝ አረፋ ብቻ ነው። ደግሞስ ተክል ሆኖ ክሎሮፕላስት የሌለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስ። ክብ፣ ጠርዙ ጥቁርና ወፍራም፣ መሀሉ ባዶ የሆነው የአየር አረፋ ነው። በየዓመቱ «ሴል» ተብሎ ደብተር ላይ ይሳላል! የአበሻ ሽንኩርት ውሰጂ። ደረቁን ልጣጭ ጥለሽ ቀጥሎ ካለው ሥጋማ ቅጠል በውጭ በኩል ያለውን ሐምራዊ ቆዳ በወረንጦ ስስ አድርገሽ ግፈፊ። ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ቆዳውን ሳታጣጥፊ ውሃው ላይ፣ ከዚያ ከቨር ስሊፑን (ስሱን መሸፈኛ መስታወት) በአንድ ጠርዙ አሳርፈሽ ቀስ እያልሽ አጋድሚው። ዝም ብለሽ ከላይ ከጣልሽው አየሩ የሚወጣበት ያጣል፤ አረፋሽ ከዚያ ነው የመጣው።

በ4 ጀምሪ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 40። እንደ ጡብ የተደረደሩ ረዣዥም ክፍሎች ይታያሉ። ሐምራዊው ቀለም ያለው ቫኩዩሉ (በሴሉ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ከረጢት) ውስጥ ስለሆነ ሌላ ማቅለሚያ አያስፈልግም። የውስጠኛውን ነጭ ቆዳ ከመረጥሽ ግን አዮዲን ጨምሪበት፤ ኒውክለሱ (የሴሉ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ዋናውን ሥሪ። በከቨር ስሊፑ አንድ ጠርዝ የጨው ውሃ ጠብ አድርጊ፣ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ቁራጭ ውሃውን ሳቢው። ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ሐምራዊው ከግድግዳው እየለቀቀ ወደ መሀል ይሰበሰባል፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ጨው ውሃውን ከሴሉ ስለሳበው ነው። ሜምብሬኑ (ከግድግዳው ውስጥ ያለው የሴሉ ሽፋን) ስስ ስለሆነ በራሱ አይታይም፤ አሁን ግን የሐምራዊው ጠርዝ የት እንዳለ ያሳይሻል። ጨዉን ካላበዛሽው በንጹህ ውሃ ስትተኪው ሴሉ ተመልሶ ይሞላል። ኦስሞሲስን (ውሃ በሜምብሬን አልፎ ጨው ወደበዛበት መሄዱን) ከሽምደዳ ያወጣ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ክሎሮፕላስቱን (በብርሃን ምግብ የሚሠራውን አረንጓዴ የሴል ክፍል) በተመለከተ፣ ሽንኩርቱ የሚያድገው መሬት ውስጥ፣ ብርሃን በሌለበት ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ላይ ሚቶኮንድሪያ፣ ራይቦዞም፣ ጎልጂ ሁሉ ተስለዋል። እኔ ግን አላየሁም። ብስላቸው ነጥብ አገኛለሁ?

መልስ፦ ያላየኸውን አትሳል። ሦስቱም ሴል ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። ሚቶኮንድሪያ ስፋቱ ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀለም ስለሌለው ያለ ልዩ ማቅለሚያ አይለይም። ራይቦዞም ከ20 እስከ 30 ናኖ ሜትር ስለሆነ በብርሃን ማይክሮስኮፕ ጨርሶ አይታሰብም። የመጽሐፉ ሥዕል የመጣው በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካሳየው ነው። ያንን መሣሪያ ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በ1931 ጀርመን ውስጥ ጀመሩት፤ ሩስካ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1986 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቫይረስ ይታያል ወይ ላላችሁም መልሱ ያው ነው፤ የኮሮና ቫይረስ ወደ 100 ናኖ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ ሴልን ያገኘው ሁክ ነው ወይስ ሊውዌንሁክ?

መልስ፦ ለፈተና፦ ሮበርት ሁክ፣ 1665፣ ቡሽ ላይ። ያየው ግን የሞተ ሴል ግድግዳ ነው። በሕይወት ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን በ1670ዎቹ ያየው ሊውዌንሁክ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ ሌንሱንም ራሱ ነው የሞረደው። የሴል ቲዎሪ (ሕይወት ያለው ሁሉ ከሴል የተሠራ ነው የሚለው) ሲባል ሽላይደን (1838) እና ሽዋን (1839)።

ጥያቄ፦ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ ከሌለው እንዴት ሴል ይባላል?

መልስ፦ መቅኒ ውስጥ ሲሠራ ኒውክለስ አለው፤ ወደ ደም ከመግባቱ በፊት ያስወጣዋል። ከዚያ ራሱን ማባዛት አይችልም፣ ወደ 120 ቀን ሠርቶ ይወገዳል። የዶሮ ግን ኒውክለስ አለው። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ በስሱ ጎትተህ አድርቀውና ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ቀባው፤ በየሞላላው ሴል መሀል ሰማያዊ ነጥብ ታያለህ። ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ጣት መወጋጋት ግን አይሞከርም። የራሳችሁን ሴል ማየት ካማራችሁ የጉንጫችሁን ውስጥ በስቴኪኒ ጫፍ ፋቅ ማድረግ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳ ተማሪ አይደለሁም፣ እናት ነኝ። ልጄ ከመተሃራ ሲመለስ አተኮሰው። የወባ ምርመራ ላይ ሁለት ዓይነት ደም ስላይድ ላይ አደረጉ። ሁለት ለምን?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ። ወፍራሙ ጠብታ ለፍለጋ ነው፤ ቀይ ሴሎቹ ስለሚፈነዱ በአንድ ቦታ ብዙ ደም ይታያል፣ የወባው ጥገኛ ጥቂት ቢሆንም ይገኛል። ስሱ ደግሞ ሴሎቹ እንዳይፈነዱ በሜታኖል ስለሚጸኑ ዝርያው ይለይበታል። አገራችን ላይ በብዛት ያሉት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው፤ የቫይቫክስ መድኃኒት ጉበት ውስጥ የተደበቀውንም ማጥፋት ስላለበት መለየቱ ግድ ነው። ሁለቱም የደም ናሙናዎች ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ቀልመው በ100 ኦብጀክቲቭ በዘይት ይነበባሉ። «የለም» ከመባሉ በፊት ከ100 ያላነሰ የእይታ መስክ (በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ) መታየት አለበት፤ ውጤቱ ሲዘገይ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምርመራው «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ ግን ይመለሱ፣ ድጋሚ ይታይ።

ጥያቄ፦ የእንጀራ እርሾ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አለ?

መልስ፦ ሞልቶ! ሊጡ ላይ ከሚቆመው ቢጫ ውሃ አንድ ጠብታ በውሃ አቅጥነሽ በ40 ኦብጀክቲቭ እዪው። 5 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የሆኑ ሞላላ ሴሎች ይስቶች (የእርሾ ፈንገሶች) ናቸው፤ ጎናቸው ላይ ትንሽ እብጠት ያበቀሉት እየተባዙ ነው። ሊጡ ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነሱ ሥራ ነው። ኮምጣጣው ጣዕም ግን በዋናነት ከባክቴሪያዎች ነው፤ እነሱ በዚህ ማጉላት በጭንቅ ነው የሚታዩት።

ጥያቄ፦ ሴል ስንት ማይክሮ ሜትር እንደሆነ እንዴት ልለካ? መለኪያ ያለው አይፒስ የለንም።

መልስ፦ በ4 ኦብጀክቲቭ ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ አስቀምጥና የእይታ ክቡን ስፋት አንብብ። 4.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ40 ኦብጀክቲቭ አሥር እጥፍ ያንሳል፤ 0.45 ሚሊ ሜትር ወይም 450 ማይክሮ ሜትር። ሁለት ሴል ጫፍ ለጫፍ ክቡን ከሞላው እያንዳንዱ ወደ 225 ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ልምምዱ ይቀራል። መፍትሔ አለ?

መልስ፦ ከሥሩ መስታወት ያለው አሮጌ ማይክሮስኮፕ መጋዘን ውስጥ ካለ አስወጡት። በመስኮት ከሚገባው የሰማይ ብርሃን አንጸባርቆ ይሠራል። በቀጥታ ወደ ፀሐይ ግን እንዳታዞሩት፣ ዓይን ያጠፋል። ከሌለ የስልክ ባትሪ መብራት ላይ ነጭ ወረቀት ሸፍናችሁ ከሥር አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ። ላውልቀው?

መልስ፦ የሩቅ ወይም የቅርብ ብቻ ከሆነ አውልቂው፣ ፎከሱ ያስተካክለዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ቅርጽ መዛባት) ካለብሽ ግን አድርጊው።