ጅቡ ጋ ደርሰው የሚመለሱ ተጫዋቾች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። ስለ አድቬንቸር (የጀብዱ) ጌም፣ ማለትም ታሪክ እየተከተሉ እንቆቅልሽ ስለሚፈቱበት ጨዋታ፣ ለምትልኩት ጥያቄ የሚመልስላችሁ ድሬዳዋ፣ አሸዋ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግነው ዓምደኛችን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። የምጽፍልህ ከሐረር ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ቁጭ እያልኩ ትዊን በተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም አንድ የጀብዱ ጌም ሠርቻለሁ። ታሪኩ ጀጎል ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ አያቷ የሰጧትን ደብዳቤ ይዛ፣ መሸት ሲል ከፈረስ መጋላ ተነስታ እስከ ኤረር በር ትሄዳለች። ሥዕሎቹን የሣለልኝ ወንድሜ ነው። ብዙ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። "ጎበዝ"፣ "በርቺ" ያለኝ ብዙ ነው። የጨረሰ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ለማስታወቂያ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም። ምን ባደርግ ይሻላል? ፋይሉን አያይዤልሃለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጌምሽን እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹ ማሽን አንድ በአንድ ዝም እያለ ሲሄድ፣ ልጅቷም መምሸቱን በዚያ ስታውቅ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት አላስቀመጥሽም፣ አላስፈለገሽምም። ነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ የተቀመጡት ሴቶች ስለ ደብዳቤው እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነገር የሚያወሩበትም ቦታ እንዲሁ። ይህን የምልሽ ለማባበል አይደለም። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሰው ሊጫወተው ይገባል።

ታዲያ ለምን አልጨረሱትም? እኔ ጋ የሆነውን ልንገርሽ። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። እኛም በሩን ገርበብ አድርገን፣ ቬንትሌተሩን ከፍተን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አድቬንቸር ጌም እንጫወታለን። አንዱ ማውሱን ይይዛል። የቀረው ከኋላ ሆኖ "እሱን ንካው"፣ "ቅድም ያየነው ቁልፍስ?" እያለ ያግዛል። ያንቺን ጌም የሰጠሁት ባጃጅ ለሚነዳ ጓደኛችን ነው። ማንም እንዳያግዘው ሌሎቹን ዝም አሰኘኋቸው።

መጀመሪያ የአያቷ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አንድ በአንድ ነካ። ሁሉም "ባዶ ነው" አሉት። እንደገና ነካቸው። ወንድምሽ ስፌቶቹን አሳምሮ ስለሣላቸው አንዱ ውስጥ የሆነ ነገር መኖር አለበት ብሎ አስቧል። ልክም ነው፤ ያን ያህል የተለፋበት ነገር አንድ ቃል ብቻ መመለስ የለበትም። ቀጠለና ኤረር በር አጠገብ ጅቡ ጋ ደረሰ። ቅቤ ያለበትን ገንፎ ሰጠው። ጅቡ ሙልጭ አድርጎ በላ። "ዘመኑ ከፋ፤ መንገዱም ተዘጋ" የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ጌሙም አለቀ። "አቦ! ምን አጠፋሁ?" ብሎ ማውሱን ለቀቀው።

ከኋላው የቆመው የሐረር ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው። በዓሹራ ዕለት ለጅቦች ገንፎ እንደሚቀርብ ከልጅነቱ ያውቃል። ከግማሽ በላይ በልተው ጥቂት ካስተረፉ ዘመኑ መልካም ነው ይባላል። ጠርገው ከበሉት ወይም ጨርሶ ካልነኩት ግን ደግ አይደለም። ስለዚህ ገንፎው ሳያልቅ ሳህኑን ማንሳት እንደሚያስፈልግ ወዲያው ገብቶታል። ባጃጅ ነጂው ከየት አምጥቶ ይወቀው?

የጠየቅሽኝ ስለ ማስተዋወቅ ነው፤ ማስተዋወቅ የሚጀምረው ደግሞ ከዚህ ነው። መፍትሔው ያለው ሐረር ባደገ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ ጌሙ ውስጥ አይደለም። እንዲህ እንዳለ ሺህ ሰው ብታመጪ ሺሁም ጅቡ ጋ ደርሶ ይመለሳል። አያቷ ደብዳቤውን ሲሰጧት ስለ ገንፎው አንድ ነገር ጣል ያድርጉ። ነደባው ላይ ካሉት ሴቶች አንዷም የአምናውን ገንፎ ታንሳ። ሁለት ቦታ መነገሩ አይጎዳም፤ ተጫዋች አንዱን ሳያነብ ያልፈዋልና። ሲሳሳትም ጌሙ እዚያው አይለቅበት። ከጅቡ በፊት ወደነበረበት ቦታ የሚመልስ ሊንክ አስገቢለት።

ሮን ጊልበርት፣ ማኒያክ ማንሽንና ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ የተባሉትን ጌሞች ከሠሩት አንዱ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ገና እ.ኤ.አ. በ1989 ተቃውሞ ጽፏል። ተጫዋች ለመማር መሞት የለበትም፤ ቁልፉን ከማግኘቱ በፊት የተቆለፈውን በር ይይ የሚል ነው ነገሩ። የጌምሽ ልጅ ገንፎውን የምታገኘው ጅብ መኖሩን ሳታውቅ ነው። ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ሲገባ የሚታይበትን ትዕይንት ወደ ፊት አምጪው። ያኔ ገንፎውን ስታገኝ ተጫዋቹ ራሱ "እንዴ፣ ይሄማ ለጅቡ ነው" ይላል። የአድቬንቸር ጌም ደስታው እኮ ይቺው ናት።

ይህን ካስተካከልሽ በኋላ ግሩፑን ለጊዜው ተዪው። "በርቺ" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከፍቶ መጫወት ሌላ ነው። ለጥቂት ሰዎች በየስማቸው ላኪላቸው። ከቻልሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ከባዱ ነገር አፍን መያዝ ነው። እጅሽ ማውሱን ለመንጠቅ ይቸኩላል፤ እንዳትነኪው። የት እንደቆሙ፣ ምኑን ሁለቴ እንደነኩ፣ መቼ ስልካቸውን እንዳነሱ ወረቀት ላይ ጻፊ። እነዚያ ሰዎች ጌሙን ከጨረሱ ለሌላው የሚያወሩልሽ እነሱ ናቸው። ጓደኛችን አሁን ባጃጁ ላይ የሚሳፈረውን የሐረር ሰው ሁሉ ስለ ገንፎው ይጠይቃል። የትኛውም ማስታወቂያ ይህን አይሠራልሽም።

ከዚያ ሥዕሉ አለ። ግሩፑ ላይ የለጠፍሽው የጀጎልን በር ፎቶ ነው። የበሩ ፎቶ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ። ወንድምሽ የሣለውን፣ ግድግዳው ሥር ሁለት ዓይን ብቻ የሚበራበትን ጠባብ መንገድ ለጥፊው። ከሥሩም በአማርኛ መሆኑን፣ ስልክ ላይ እንደሚሠራና በግማሽ ሰዓት እንደሚያልቅ ጻፊ። ሰው ፋይል ሲላክለት የሚሳሳው ለዳታውና ለጊዜው ነው። ትዊን የሚያወጣው አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ስለሆነ ብሮውዘር ባለው ስልክ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ግን ሥዕሎቹን እይ። የላክሽልኝ ላይ ለብቻቸው ፎልደር ውስጥ ናቸው። ፋይሉን ብቻ ለሰው ካስተላለፍሽ ሥዕሉ ባለበት ቦታ ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው። ወይ ሥዕሎቹን እዚያው ፋይሉ ውስጥ አካቻቸው፣ ወይ ሁሉንም ዚፕ አድርገሽ ላኪ።

ቋሚ ቦታ ከፈለግሽ ኢች ዶት አይኦ የተባለው ድረ ገጽ ላይ አስቀምጪው። በነፃ ነው፤ ሰውም ሳያወርድ እዚያው ብሮውዘሩ ላይ ይጫወተዋል። ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል። ለመጀመሪያ ሥራ አያስፈልግሽም።

ደግሞ አንቺ የሠራሽው እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ለሴት ልጆቹ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ ጌም ሠራ። ሰውየው ዋሻ ይወዳል፤ ኬንታኪ ያለውን የማሞዝ ዋሻ ካርታ ካነሱት ሰዎች አንዱ ነበር። ጌሙም ያንኑ በእግሩ የሚያውቀውን ዋሻ ተከትሎ የተሠራ ነው። ዶን ዉድስ የተባለ የስታንፎርድ ተማሪ አገኘው፤ ክራውዘርን አስፈቅዶም በ1977 አሰፋው። የጀብዱ ጌም የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚያ መጣ። የተሰራጨው አንዱ ለሌላው ኮፒ እያደረገለት ነው። አንቺም ጀጎልን በእግርሽ ታውቂዋለሽ። ብቻ 368ቱንም መንገድ ላስገባ ብለሽ እንዳትነሺ። ያስገባሻቸው ይበቃሉ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሌሎችንም ተጫወቺ። በዚህ አገር አድቬንቸር ጌም በትርፍ ሰዓታችን የምንሠራና የምንጫወት ሰዎች ብዙ አይደለንም። አንዱ የሌላውን ሳይጫወት ሁሉም "የኔን እዩልኝ" ካለ የሚያይ አይኖርም። ስትጽፊላቸውም "አሪፍ ነው" ብቻ አትበዪ። የት ቆምሽ? እዚያ ምን ሞከርሽ? ምን ይሆናል ብለሽ ጠብቀሽ ነበር? ሠሪው በዚህ ነው ጌሙን የሚያስተካክለው። ለሌላ ሰው ስትነግሪ ግን መፍትሔውን እንዳታወጪ።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን ነው የምጽፈው፣ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 2 ጊጋ ነው። እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ጓደኞቼ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው ኳስ ብቻ ነው የሚጫወቱት። እኔ ታሪክና እንቆቅልሽ ያለበት ጌም ነው የሚስበኝ። ከምን ልጀምር? እነሱንስ እንዴት ላስለምዳቸው?

መልስ፦ ዋርያ፣ ለዚህ ዓይነት ጌም አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ቋንቋው ካሳሰበህ በሳሞሮስት ጀምር። ያኩብ ድቮርስኪ የተባለ ቼክ ተማሪ ሳለ የሠራው ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አጭር ነው፤ በነፃ ይገኛል። ቀጥሎ የዚያው ሰው ቡድን፣ አማኒታ ዲዛይን፣ በ2009 ያወጣው ማሺናሪየም አለ። ይሄኛው ይሸጣል። ከከተማው የተጣለ አንድ ትንሽ ሮቦት መንገዱን ፈልጎ ይመለሳል። ንግግር የለም። ማንም የሚያስበውን ከራሱ በላይ በሚሣል ሥዕል ነው የሚያሳየው። እኛ ሱቅ ሶማሊኛ የሚናገረውም፣ ኦሮምኛ የሚናገረውም፣ አማርኛ የሚናገረውም እኩል ተከራክሮበታል።

እንግሊዝኛህን እየገፋህ ለመጫወት ደግሞ ስካምቪኤም የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። የድሮ አድቬንቸር ጌሞችን ላፕቶፕም ስልክም ላይ ያስነሳልሃል። በ1994 የወጣው ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ ባለቤቶቹ ራሳቸው ከ2003 ጀምሮ በነፃ የለቀቁት ነው፤ በዚሁ ይሠራል። አስፈሪ ታሪክ ከወደድክ ፋይቭ ዴይስ ኤ ስትሬንጀር አለ። አንድ ሰው አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ በተባለው ነፃ መሥሪያ የሠራው ነው፤ እሱም በነፃ ነው። እነዚህን በፍላሽ ለፈለግከው ሰው አዙር።

ክራክ የተደረጉትን ግን አታዙር። በካርድ ከውጭ መግዛት እዚህ አገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም የእነዚህ ጌሞች ባለቤት ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ዴቭ ጊልበርት የኒው ዮርክ ሰው ነው፤ በዚያው ነፃ መሥሪያ በትርፍ ሰዓቱ ጌም እየሠራ በነፃ ይለቅ ነበር። በ2006 ለአንድ ወርኃዊ ውድድር የሠራውን ጌም አሻሽሎ ሸጠ። ዋጄት አይ ጌምስ የተባለው ቤቱ እንደዚያ ተጀመረ። ኋላም እንደሱው በዚያ መሥሪያ የሠሩ ሌሎች ሰዎችን ጌም ማሳተም ጀመረ፤ ጀሚናይ ሩ እና ፕራይሞርዲያ ከነዚያ ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው ጥቂት ሺህ ገዢ ማለት ቀጣዩን ጌም መሥራት አለመሥራት ነው። መግዛት ካልቻልክ ነፃዎቹን ተጫወት። እነሱም ገና አያልቁብህም።

ጓደኞችህን በተመለከተ፣ ስለ ታሪኩ አትስበክላቸው። ማታ ቁጭ ባላችሁበት ማሺናሪየምን ክፈትና "ይሄን በር እንዴት ነው የምከፍተው?" ብለህ ጠይቃቸው። ማውሱን ስጥ። መልሱን ብታውቀውም አትንገር። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ሲያቅታቸው ላፕቶፑን ዝጋው። እቤታቸው ገብተው ያስቡበታል። በማግስቱ አንዱ ደውሎ "አገኘሁት!" ይልሃል። ኳሱንም አታጣጥልባቸው፤ ሁለቱንም መውደድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከከዚራ ነኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ደብተሩ ላይ ክፍልና በር እየሣለ ቀስት ያደርግበታል። ምንድን ነው ስለው የጌም ካርታ ነው ይላል። ትምህርቱን ይጎዳብኛል ብዬ ሰጋሁ። ልከልክለው?

መልስ፦ እናቴ፣ አይከልክሉት። ካርታ መሣል የዚህ ጌም ተጫዋቾች የድሮ ልማድ ነው፤ የት እንደሄደና የቱ በር እንደቀረው ለማስታወስ ነው የሚሥለው። ቀርበው "ይሄኛው በር ወዴት ያወጣል?" ብለው ይጠይቁት፤ ደስ ብሎት ያስረዳዎታል። ለጌሙ ካርታ ሌላ ደብተር ይግዙለት። ሰዓቱንም ከእሱ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። እነዚህ ጌሞች አብዛኛዎቹ የደረሱበት ቦታ ላይ ሴቭ ተደርገው ስለሚዘጉ "ትንሽ ቆይ፣ ሊያልቅ ነው" የሚለውን አይቀበሉት። አንድ ነገር ግን ራስዎ ይዩ። አድቬንቸር ጌም ሁሉ የልጅ አይደለም። ከላይ ለሳቢያኑ ተማሪ የነገርኩት ፋይቭ ዴይስ ኤ ስትሬንጀር ግድያ ያለበት ነው፤ ለልጅዎ ገና ነው። ሳሞሮስትን ግን ዛሬውኑ ይክፈቱለት።