ልጄ መስታወት ውስጥ ያለችውን ሕፃን አታውቃትም

ጥያቄ፦ የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ሴት ልጄ 14 ወሯ ነው። የቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ስትደርስ ትስቃለች፣ መስታወቱን ትስማለች፣ ከዚያ በሩን ከፍታ ከኋላው ሰው ትፈልጋለች። ራሷን አታውቅም ማለት ነው? አማቴ ደግሞ «መስታወት አታሳዪያት፣ አፏ አይፈታም» ይሉኛል። ልሸፍነው?

መልስ፦ አይሸፍኑት። በዚህ ዕድሜ መስታወት ውስጥ ያለችውን ሕፃን እንደ ጎረቤት ልጅ መቁጠር ጤናማ ነው። በሩን ከፍታ መፈለጓማ እኔን ደስ ያሰኘኛል፤ እያሰበች ነው።

ራስን ማወቅ የሚጀምረው ከገላ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጉንጩን ሌላ ሰው ሲነካው ጡት ፍለጋ አፉን ያዞራል፤ የገዛ እጁ ሲነካው ግን ያን ያህል አይዞርም። የመንዝ ብርድ ከባድ ስለሆነ ልጆቻችን በጋቢና በባና ተጠቅልለው ይከርማሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል የአምስት ስድስት ወር ልጅ እግሩን ፈትተው ቢለቁት አውራ ጣቱን ይዞ አፉ ውስጥ ይከታል። የእናቱን ጣት ሲነክስ ድዱ ብቻ ይሰማዋል፤ የራሱን ሲነክስ ድዱም ጣቱም ይሰማዋል። «ይህ የእኔ ነው» የሚለውን የሚማረው እንዲህ ነው።

መስታወቱ ዘግይቶ ይመጣል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ቢዩላ አምስተርዳም በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የሕፃናትን አፍንጫ ቀይ ቀለም ቀብታ መስታወት ፊት አቆመቻቸው። ትንንሾቹ እንደ ጨዋታ ጓደኛ ተቀበሉት፤ የገዛ አፍንጫቸውን መንካት የጀመሩት ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። እርስዎም ልጅዎ 18 ወር ሲሞላት አፍንጫዋን የሚጠርጉ መስለው ትንሽ የበሶ ዱቄት ቀብተው ይዩ። ኩል ግን አይጠቀሙ፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ኩል አለ፣ የሕፃን አንጎል ይጎዳል። ባትነካውም አይደንግጡ። ኬንያ ውስጥ በተደረገ ተመሳሳይ ፈተና ከሁለት ዓመት በላይ የሆናቸው ልጆች እንኳ አብዛኞቹ ፈዘው ከማየት በቀር ምልክቱን አልነኩም።

አማትዎ የሚሉት ከአሳቢነት ነው፤ ነገር ግን መስታወት አፍ አያስርም። አፍ የሚፈታው ሰው ሲያወራ ነውና እሳቸውም እያጫወቷት ይዋሉ። ሁለት ዓመት ሲጠጋት «የኔ ነው» እና «እምቢ» ይበዛባታል፤ ባለጌ ሆነች ብለው አይቆጧት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ስሟን ሲጠሯት የማትዞር ከሆነ፣ ዓይን ለዓይን የማታይ ከሆነ፣ የምትፈልገውን በጣቷ የማታሳይ ከሆነ ወይም የነበራትን ቃል ከተወች፣ «ታድጋለች» ብለው ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ካስፈለገ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይልኳችኋል። ጆሮዋም አብሮ ይታይ።

እስከዚያ አቅፈዋት መስታወቱ ፊት ይቁሙ። መስታወት ውስጥ እርስዎን አይታ፣ ዞር ብላ ደግሞ የእውነት ፊትዎን በእጇ ትነካለች።